ስካርሌት ፊቨር ወረዳ ውስጥ ሲዞር ካርታው የማያሳየን ነገር

አንድ ከተማ ውስጥ ስካርሌት ፊቨር፣ ማለትም ጉሮሮ የሚያሳምምና ሽፍታ የሚያወጣ ተላላፊ የልጆች በሽታ፣ ገባ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሁሌም ያው ነው፣ ስንት ልጅ ታመመ፣ የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ትምህርት ቤት። ከዛ ካርታ ይወጣል፣ ካርታው ላይ ቀይ ቀይ ነጥብ ይደረጋል፣ ነጥብ የበዛበት አካባቢ ያሉ ወላጆች ይጨነቃሉ፣ ነጥብ የሌለበት ያሉት ደሞ እፎይ ይላሉ። መጠየቁም መጨነቁም ልክ ነው። ግን ካርታው የሚያሳየው በሽታው የሄደበትን መንገድ ሳይሆን ሐኪም ጋ የደረሱት ልጆች ማታ ማታ የሚያድሩበትን ቤት ነው፣ እና እነዚህ ሁለቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይሄን ልዩነት ሳይረዱ የወረዳ ወረርሽኝ መከታተል አይቻልም ብዬ ነው የማምነው፣ ለዛ ነው ረዘም አድርጌ ልጽፍበት የፈለኩት።

መጀመሪያ በሽታው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ፣ ምክንያቱም የመከታተሉ ችግር በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ስካርሌት ፊቨር የሚያመጣው ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ባጭሩ ስትሬፕ እንበለው። ይሄው ባክቴሪያ ተራ የሚባለውን የቶንሲል ህመም የሚያመጣው ነው። ልዩነቱ አንዳንዱ ስትሬፕ ሰውነት ውስጥ ቶክሲን ማለትም መርዝ ይለቃል፣ ቶክሲኑን የሚሰራበትን ጂን ደሞ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ባክቴሪያን ከሚያጠቁ ቫይረሶች ነው፣ እና ልጁ ለዛ ቶክሲን መከላከያ ከሌለው ቆዳው ላይ ሽፍታ ይወጣል። መከላከያ ያለው ልጅ ግን ያንኑ ባክቴሪያ ይዞ ጉሮሮውን ብቻ ሊያመው ይችላል። ቶክሲኑ ደሞ አንድ አይነት ብቻ ስላልሆነ አንዴ የታመመ ልጅ ድጋሚ ሊታመም ይችላል።

አሁን ይሄን ወደ ክትትሉ አምጡት። አንድ ክፍል ውስጥ ሽፍታ የወጣበት ልጅ በሽታውን የተቀበለው ሽፍታ ካልወጣበት፣ ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ ሁለት ቀን ቀርቶ ከተመለሰ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ እሱ የሚያስተላልፍለት ልጅም እንዲሁ ሽፍታ ላይወጣበት ይችላል። ስለዚህ እኛ የምንቆጥረው የሰንሰለቱን አንዳንድ ቀለበት ብቻ ነው፣ ሽፍታ ያለውን ቀለበት። ሁለት ሽፍታ ያላቸው ልጆች በምንም ሳይገናኙ ሲቀሩ መርማሪው ግራ ይጋባል፣ ከየት መጣ ይላል፣ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ መሀላቸው ማንም ያልመዘገበው የጉሮሮ ህመም ነበረ የሚል ነው። ትምህርት ቤት ሄዶ "ሽፍታ ያለበት ልጅ አለ?" ብቻ ብሎ መጠየቅ በቂ ያልሆነው ለዚህ ነው። ጥያቄው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጉሮሮውን አሞት የቀረ፣ ያተኮሰው፣ ያስመለሰው ማን ነው መሆን አለበት።

ምልክቶቹን ለማታውቁ ባጭሩ፣ ብዙውን ጊዜ በጉሮሮ ህመምና በትኩሳት ይጀምራል፣ ራስ ምታትና ማስመለስም ሊኖር ይችላል፣ ከዛ አንድ ወይ ሁለት ቀን ቆይቶ ደረትና ሆድ አካባቢ ደቃቅ ሽፍታ ይወጣና ይሰራጫል፣ ጉንጭ ይቀላል የአፍ ዙሪያ ግን ገርጣ ይላል፣ ምላስ መጀመሪያ ነጭ ይለብሳል ቀጥሎ እንጆሪ መስሎ ይቀላል። ሲሻለው ደሞ የጣት ጫፍ ቆዳ ሊላጥ ይችላል። አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የህክምና መጻሕፍት ላይ የምናየው ፎቶ አብዛኛው ነጭ ቆዳ ላይ የቀላ ሽፍታ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክረው ነገር ግን በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ወላጅም ነርስም በዓይን ብቻ ካየ ያልፈዋል። ይሄ የግለሰብ ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የመረጃ ጉዳይም ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ሰፈር እኩል ታሞ አንደኛው ውስጥ ያሉ ልጆች ጠቆር ያሉ ከሆኑ ካርታው ላይ ያኛው ሰፈር ጤነኛ መስሎ ይታያል። እና እዛ ሰፈር ማንም አይደርስም።

ጊዜው ደሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ባክቴሪያው ከገባ እስከ ህመሙ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ነው። አጭር ነው። እስቲ አንድ ልጅ ሰኞ ጠዋት አመመው እንበል። ማክሰኞ ጉንፋን ነው ተብሎ ቤት ይውላል፣ ረቡዕ ሽፍታው ይታያል፣ ሐሙስ ክሊኒክ ይሄዳል፣ ሐኪሙ አርብ ሪፖርት ያደርጋል፣ ቅዳሜና እሁድ ማንም አያየውም፣ በሚቀጥለው ሰኞ የጤና ቢሮው ሰው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያገኘዋል። በዚህ መሀል ልጁ በታመመበት ሰኞ አብሮት የዋለ ጓደኛው ታሞ ሊሆን ይችላል፣ የጓደኛው እህትም ባክቴሪያውን ተቀብላ ሊሆን ይችላል። ማለትም ሪፖርቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ በሽታው ሁለት እርምጃ ቀድሟል። ማንም ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ እያንዳንዱ ሰው ስራውን በሰዓቱ ሰርቶ እንኳን እንደዚህ ነው የሚሆነው።

ለዚህ ነው ከቁጥሩ በላይ ህመሙ የጀመረበት ቀን ወርቅ የሚሆነው። ሪፖርት የተደረገበት ቀን አይደለም፣ የላብራቶሪ ውጤት የወጣበት ቀንም አይደለም፣ ልጁ መጀመሪያ ጉሮሮዬን ያለበት ቀን። በሪፖርት ቀን የተሰራ ግራፍ ሰኞ ሰኞ ይነሳል እሁድ እሁድ ይተኛል፣ ያ የቢሮ ሰዓት ነው እንጂ የባክቴሪያ ባህሪ አይደለም። በህመም ቀን የተሰራ ግራፍ ደሞ የራሱ ወጥመድ አለው፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ሁሌም ዝቅ ብለው ነው የሚታዩት፣ ምክንያቱም በነዛ ቀናት የታመሙት ገና ሪፖርት አልተደረጉም። ስንት ጊዜ ነው "እየቀነሰ ነው" የሚል መግለጫ ተሰጥቶ በሳምንቱ ቁጥሩ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሞላው። ግራፍ የሚያወጣ ሰው የመጨረሻውን ሳምንት በሌላ ቀለም ቀብቶ ገና ያልተሟላ ነው ብሎ ቢጽፍበት ብዙ ሰው ከውሸት እፎይታ ይድናል።

እንግሊዝ ውስጥ ለትምህርት ቤትና ለሕፃናት ማቆያ የሚጠቀሙበት መስፈርት ደስ ይለኛል፣ ቀላል ስለሆነ። አንድ ተቋም ውስጥ የሚገናኙ 2 ወይም ከዛ በላይ ልጆች በ10 ቀን ልዩነት ውስጥ ሪፖርት ከተደረጉ ወረርሽኝ ተብሎ ይያዛል። 10 ቀን ያሉት ዝም ብለው አይደለም፣ ባክቴሪያው ከገባ እስከ ህመሙ ምልክት ያለው ረጅሙ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ስለሆነ እጥፉን ወስደው ነው፣ ማለትም መሀል ላይ አንድ ያልታየ ልጅ ቢኖር እንኳን ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ ከሚል። እዛ አገር ሐኪሙ የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ ከጠረጠረ ሪፖርት ማድረግ ግዴታው ነው። በጥርጣሬ ሪፖርት ማድረግ የተወሰነ ስህተት ያስገባል፣ ኩፍኝም ሌላ ቫይረስም ስካርሌት ተብሎ ይመዘገባል፣ ግን ስትሬፕ ላይ የላብራቶሪ ውጤት እየጠበቁ መቀመጥ ከዛ የባሰ ዋጋ ያስከፍላል፣ ጊዜው አጭር ነዋ።

ወደ ካርታው ልመለስ። የቤት አድራሻ ላይ የተመሰረተ ካርታ ትልቁ ችግሩ ልጆች ቀኑን የሚውሉት ቤታቸው አለመሆኑ ነው። አንድ ወረዳ ውስጥ አምስት ቦታ ተበትነው የምታዩዋቸው ነጥቦች አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። በተቃራኒው አንድ መንገድ ላይ ተጠጋግተው ያሉ ሦስት ነጥቦች በሦስት የተለያየ ትምህርት ቤት የሚማሩ፣ በፍጹም የማይገናኙ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ለስካርሌት ፊቨር ትክክለኛው ካርታ የመንገድ ካርታ ሳይሆን የክፍል ዝርዝር ነው፣ ማን ከማን ጋ ይውላል የሚለው። ከዛ ደሞ ወንድምና እህት። ወረዳውን የሚያገናኘው ድልድይ እነሱ ናቸው፣ ትልቁ አንደኛ ክፍል ትንሿ መዋዕለ ሕፃናት፣ ሁለት ተቋም በአንድ መኝታ ቤት ይገናኛል። አንድ ትምህርት ቤት ጸጥ ካለ በኋላ ሌላኛው ለምን ተነሳ ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ እዛ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። የመመዝገቢያ ፎርም ላይ "ወንድምና እህቶች የት ይማራሉ" የሚል አንድ መስመር መጨመር ብዙ ውድ ሶፍትዌር ከሚሰራው በላይ ይሰራል።

የቤት አድራሻ ግን ሁሌም ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ሜሪሌቦን በሚባለው የከተማው ክፍል ስካርሌት ፊቨር ተነሳ። መርማሪዎቹ የታመሙት ቤተሰቦች ምን የሚያመሳስላቸው ነገር አለ ብለው ሲፈልጉ ያገኙት ሰፈር ሳይሆን ወተት ነበር፣ ሄንደን ከሚባል ቦታ ካለ እርሻ የሚመጣ ወተት። ዊሊያም ሄንሪ ፓወር የሚባለው የመንግሥት የጤና መርማሪ ያንን ተከታትሎ ሪፖርት አወጣ። ላሞቹ ላይ የተገኘው ቁስል በእርግጥ ምንጩ ነው አይደለም በሚለው በጊዜው ብዙ ተከራክረዋል፣ ግን የምርመራው ዘዴ ትልቅ ነገር ነው። ቤቱን እንደ ነጥብ ብቻ አላዩትም፣ ቤቱ ውስጥ ምን ይገባል ብለው ጠየቁ። የወተት ፓስቸራይዜሽን፣ ማለትም ጀርሙን ለመግደል ወተቱን ማሞቅ፣ ከተስፋፋ በኋላ ይሄ መንገድ በአብዛኛው ተዘግቷል፣ አሁን በዋናነት የቀረው ከሰው ወደ ሰው ያለው መንገድ ነው።

በዛ ዘመን ይሄ በሽታ ምን ያህል አስፈሪ እንደነበረ አሁን ያለነው ሰዎች የምንረሳው ይመስለኛል። በ1856 እንግሊዝ ውስጥ ካርላይል በምትባል ከተማ አርቺባልድ ቴት የሚባል የቤተ ክርስቲያን አለቃ፣ በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆነው፣ እሱና ባለቤቱ አምስት ሴት ልጆቻቸውን ከመጋቢት ወር እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ባለው ጊዜ በዚሁ በሽታ አጡ። አምስት ልጅ፣ ከአንድ ቤት፣ በሳምንታት ውስጥ። ፔኒሲሊን ገና ሊመጣ ወደ ዘጠና ዓመት ይቀረው ነበር፣ በሽታውን ስትሬፕ እንደሚያመጣው እንኳን በማያሻማ መንገድ የተረጋገጠው በ1920ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ጆርጅ ዲክና ግላዲስ ዲክ የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በሰሩት ስራ ነው። ዛሬ ፋርማሲ የሚሸጥ ርካሽ ሽሮፕ ያን ቤተሰብ ሊያተርፍ ይችል ነበር፣ ይሄን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን በሽታው እየቀለለ እየቀነሰ መጣ፣ ብዙ ሐኪም ከመጻሕፍት ውጪ ሳያየው የሚመረቅበት ጊዜ ሆነ። ከዛ ተመለሰ። በ2011 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከ1,500 በላይ ሰው ታመመ፣ ከዛ በፊት ከነበሩት ዓመታት ጋ ሲነጻጸር በጣም የዘለለ ቁጥር ነው፣ የሞቱ ልጆችም ነበሩ። እንግሊዝ ውስጥ በ2014 ቁጥሩ ድንገት ከ15,000 አለፈ፣ በ2016 ደሞ ከ19,000 በላይ ደረሰ፣ ወደ 50 ዓመት ገደማ ያልታየ ቁጥር። ከታማሚዎቹ ከ40 አንዱ ገደማ ሆስፒታል ገብቷል። በ2022 ታህሳስ ደሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከአውሮፓ አምስት አገሮች የስካርሌት ፊቨርና የከባድ ስትሬፕ ቁጥር ጨምሯል ብለው እንዳሳወቁ ገለጸ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ አየርላንድ፣ ኔዘርላንድና ስዊድን። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ በተለመደው ወቅት በጸደይ፣ መጋቢት አካባቢ፣ መምጣት የነበረበት ከፍታ ቀድሞ ከገና በዓል በፊት ነው የመጣው። በኮቪድ ገደቦች ወቅት ልጆች ስላልተገናኙ ለባክቴሪያው የተጋለጡት ትንሽ ነበሩ የሚለው ከተሰጡት ማብራሪያዎች ዋነኛው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ ልግባ። በ2018 እና በ2019 ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች ስካርሌት ፊቨር የተገኘባቸው የትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ ገብተው፣ የታመመው ልጅ ላይ ብቻ ሳይሆን ጤነኛ የሚመስሉት የክፍል ጓደኞቹ ላይ በየሳምንቱ የጉሮሮ ስዋብ፣ ማለትም በጥጥ የሚወሰድ ናሙና፣ ወሰዱ። ባክቴሪያውን በጂኖም ማለትም በሙሉ የዘር መረጃው ደረጃ እያነጻጸሩ ያንኑ ወረርሽኝ ያስነሳውን አይነት ነው የፈለጉት። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ህመም ከሌላቸው የክፍል ጓደኞች 10% ገደማ ያንን ባክቴሪያ ጉሮሯቸው ውስጥ ይዘዋል። በሁለተኛው ሳምንት 27%። አንድ ክፍል ውስጥ ግማሹ ልጅ ደርሷል። ይሄ ሁሉ የሆነው የታመሙት ልጆች መድኃኒት እየወሰዱ፣ ትምህርት ቤቶቹም መመሪያውን እየተከተሉ ነው።

ይሄን ውጤት ደጋግሜ ነው ያሰብኩት። በይፋ መዝገብ ላይ አንድ ወይ ሁለት ነጥብ የሆነው ክፍል ውስጥ፣ እውነታው ከአራት ልጅ አንዱ ባክቴሪያውን ይዞ ቤቱ እየሄደ ነው። ተሸካሚ የሆነ ልጅ ሁሉ ያስተላልፋል ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ባክቴሪያው ይጠፋላቸዋል። ግን ሰንሰለቱ ሳይታይ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እንዴት እንደሚዘል ያስረዳል። ሌላም ያገኙት ነገር አለ፣ ጠረጴዛና መጫወቻ ላይ የተወሰደው ስዋብ ባክቴሪያውን ብዙም አላገኘም፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጡ አየር የሚይዙ ሳህኖች ግን በአንዳንድ ክፍሎች ውስጥ አግኝተውታል። ወረርሽኝ ሲነሳ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ጠረጴዛ ለማጽዳት ነው፣ ማጽዳቱ ይቅር አልልም፣ ግን መስኮት መክፈቱ ቢያንስ እኩል ትኩረት ይገባዋል ብዬ ነው የማስበው።

ታዲያ ለሁሉም ልጅ ስዋብ እናድርግ? አይመስለኝም፣ ወረዳ ሙሉ ጤነኛ ልጅ መመርመር ብዙ ገንዘብና ሰው ይፈጃል፣ ከዛም ስትሬፕ ይዞ ግን የማያመው ልጅ በሰላሙም ጊዜ አለ፣ እሱን ሁሉ አንቲባዮቲክ ማጠጣት ትርፉ ትንሽ ነው። የሚሻለው ፍጥነት ነው። የመጀመሪያው ልጅ በታወቀ በቀናት ውስጥ ለክፍሉ ወላጆች ሁሉ ማሳወቅ፣ ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ቶሎ ሐኪም እንዲያይ ማድረግ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስብሰባ መጥራት ዘግይቷል፣ ከላይ ያለው ቁጥር የሚለው ይሄንን ነው።

ላብራቶሪ ምን ይጨምራል ለሚለው፣ ብዙ ይጨምራል ግን በቀስታ። ስትሬፕ ላዩ ላይ ኤም ፕሮቲን የሚባል፣ ከአንዱ ስትሬፕ ወደ ሌላው የሚለያይ ነገር አለው፣ ይሄን ያጠናችው አሜሪካዊቷ ርብቃ ላንስፊልድ ናት፣ ግሩፕ ኤ ግሩፕ ቢ የሚባለውን አመዳደብም በ1933 ያወጣችው እሷ ናት። በኤም አይነት ሲለይ አንድ ወረዳ ውስጥ አንድ ትልቅ ማዕበል የመሰለው ነገር ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት የተለያየ አይነት በአንድ ወቅት መዞሩ ሆኖ ይገኛል። ያ ስራውን ይቀይረዋል፣ ሁለት ትምህርት ቤት የተለያየ አይነት ከያዙ መሀላቸው ያለውን ግንኙነት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ሙሉ ጂኖም ሲነበብ ደሞ የበለጠ ይጠራል። በ2019 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ኤም 1 ከሚባለው አይነት ውስጥ ከአሮጌው ጂኖም በ27 ፊደል ብቻ የሚለይ አዲስ ዘር እንዳለ አሳየ፣ ግን ያ አዲሱ ዘር ከስካርሌት ፊቨር ጋ የተያያዘውን ቶክሲን ብዙ እጥፍ አብዝቶ ይሰራል። ሽፍታ በመቁጠር ብቻ ይሄን ማወቅ አይቻልም ነበር።

ጂኖምም ግን ወሰን አለው። አንድ ክፍል ውስጥ በሳምንታት መሀል ባክቴሪያው ብዙም ስለማይቀየር የሦስት ልጆች ጂኖም አንድ አይነት ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ አንድ ሰንሰለት ናቸው ማለት ይቻላል፣ ማን ለማን ሰጠ ግን ማለት አይቻልም። ይሄን የምለው ወረርሽኝ ሲነሳ የመጀመሪያውን ልጅ ፈልጎ ጣት የመቀሰር ነገር ስለሚመጣ ነው። የመጀመሪያ ተብሎ የተመዘገበው ልጅ መጀመሪያ ሐኪም ጋ የሄደው ልጅ ነው፣ ማለትም ወላጆቹ በጥንቃቄ ያዩት ልጅ። እሱን ማሸማቀቅ ሌሎች ወላጆች እንዲደብቁ ማስተማር ነው፣ መደበቅ ደሞ ክትትሉን ከምንም በላይ የሚገድለው ነገር ነው።

ሌላ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ወሬው ራሱ ቁጥሩን ማንሳቱ ነው። ስለ ስካርሌት ፊቨር በዜና ሲወራ ወላጅ ልጁን ቶሎ ይወስዳል፣ ሐኪምም ቶሎ ይጠረጥራል፣ ሪፖርት ይጨምራል፣ ከዛ ጨመረ ተብሎ ድጋሚ ዜና ይሆናል። ይሄ ጥሩ ነገር ነው፣ ልጆች ይታከማሉ፣ ግን ከፍ ያለው በሽታው ነው ወይስ ትኩረቱ የሚለውን ለመለየት ሌላ ቁጥር አጠገቡ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች ብዛት፣ በጉሮሮ ህመም ክሊኒክ የመጡ፣ ከተመረመሩት ስዋብ ውስጥ ስንት ፐርሰንቱ ስትሬፕ እንደተገኘበት፣ ፋርማሲ የወጣ ፔኒሲሊንና አሞክሲሲሊን። ከሁሉም በላይ ደሞ ባክቴሪያው ደም ውስጥ፣ ሳንባ ውስጥ፣ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ቁጥር። ያ ቁጥር በወሬ አይነሳም። ትንሽ ነው፣ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ግን የሚታመን ነው። ደሞ ትንሽ ወረዳ ውስጥ ከ2 ወደ 6 ሲሆን "በሦስት እጥፍ" ብሎ መጻፍ ይቅርብን፣ ስድስት ልጅ ስድስት ልጅ ነው፣ ቁጥሩን እንዳለ እንጻፈው።

ህክምናው ላይ ብዙ አልቆይም፣ የታወቀ ነው። ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ቀን፣ ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሌላ አለ። ይሄ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የተላመደበት ጊዜ እስካሁን የለም፣ ትልቅ እድል ነው፣ አዚትሮማይሲንና የሱ ዘመዶች ላይ ግን ተላምዶ የተገኘባቸው ቦታዎች አሉ፣ የሆንግ ኮንጉ አንዱ ነው። ካልታከመ ልጁ ለ2 እና 3 ሳምንት ሊያስተላልፍ ይችላል፣ አንቲባዮቲክ ከጀመረ ከ24 ሰዓት በኋላ ግን ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ይችላል። ያ ልዩነት ነው የወረዳውን ግራፍ የሚሰብረው። ሲሻለው ሦስተኛ ቀን ላይ መድኃኒቱን ማቋረጥና የተረፈውን ለወንድሙ ማጠጣት ግን ሁለቱንም ልጅ ሳይታከም መተው ነው፣ እባካችሁ። ጉድፍ (ቺክንፖክስ) የያዘው ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ስካርሌት ከመጣ ደሞ ለጤና ቢሮው ወዲያው መናገር ያስፈልጋል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ስትሬፑ ወደ ደም የመግባት እድሉ ይጨምራል። መተንፈስ ያቃተው፣ ለመንቃት የከበደው፣ ውሃ ሽንት ያቆመ፣ ወይም ከሽፍታው ጋ የማይመጣጠን ከባድ የእጅ የእግር ህመም ያለው ልጅ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለውም፣ በዛው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ክትትሉ መቼ ያበቃል የሚለው ላይ ግን ብዙ ቦታ ቶሎ ይዘጋል ብዬ አስባለሁ። የመጨረሻው ሽፍታ ከጠፋ በኋላ ፋይሉ ይዘጋል፣ ሰው ወደ ሌላ ስራ ይሄዳል። ስትሬፕ ግን ከጉሮሮ ከወጣ በኋላ የሚያስከትለው ሌላ ነገር አለ። ከጉሮሮ ህመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ የኩላሊት መቆጣት ሊመጣ ይችላል፣ ፊት ማበጥ፣ ሽንት ሻይ የመሰለ መሆን። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ደሞ ሪውማቲክ ፊቨር ሊመጣ ይችላል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ ልብን ይጎዳል፣ የልብ ቫልቭ ላይ የሚተወው ጠባሳ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው። ከሱ የሚመጣው የልብ በሽታ በዓለም ላይ በዓመት ከ300 ሺህ ሰው በላይ እንደሚገድል ይገመታል፣ አብዛኛው በድሃ አገሮች ነው፣ ክትባትም እስካሁን የለም። ሪውማቲክ ፊቨርን የሚከላከለው ያው ፔኒሲሊን ነው፣ ህመሙ ከጀመረ እስከ 9 ቀን ድረስ ቢጀመር እንኳን ይሰራል፣ ስለዚህ ዘግይታችሁ ያወቃችሁት ልጅ ላይም አልረፈደም። ወረዳው ፋይሉን ለአንድ ወር ክፍት ያቆየው፣ ሽፍታ ወጥቶባቸው የነበሩ ልጆችን ቤተሰብ በሦስተኛው ሳምንት አንዴ ደውሎ ሽንቱ እንዴት ነው፣ ፊቱ አብጧል ወይ፣ ጉልበቱን ያመዋል ወይ፣ ሲሮጥ ይደክመዋል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ለዛ ስልክ የሚሆን የስም ዝርዝር የሚኖረው ደሞ መጀመሪያ ላይ ህመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ክፍሉንና ወንድም እህቶቹን በትክክል የመዘገበ ወረዳ ብቻ ነው።